ብረትና የግቢ ሣር ልምላሜ በፎገራ አፈር ላይ
(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)




የሩዝ፣ የጤፍና የጓያ ነገር በሚያስጨንቀው ጉባኤ ፊት ስለ ግቢ ሣር ለመናገር መቆም ለአንዳንዶቻችሁ ቀላል ጉዳይ ይመስል ይሆናል። ይሁን እንጂ ቅጠል ቢጫ ሲሆን የሚሰጠው ምልክት በመኖሪያ ግቢም ሆነ በእርሻ ማሳ ላይ አንድ ነው። በግቢው ሣር ላይ ምልክቱን በትክክል ማንበብ ያልተማረ ባለሙያ በገበሬው ማሳ ላይም ሊሳሳት ይችላል። በግቢው የሚጠፋው ጥቂት ገንዘብ ነው፤ በማሳው የሚጠፋው ግን የአንድ ቤተሰብ የዓመት ቀለብ ነው። ስለሆነም ትንሹን ጉዳይ ለትልቁ መማሪያ እንድናደርገው በማሰብ ይህን ርእስ መርጫለሁ።

ጥያቄው የሚከተለው ነው። የሣር ቅጠል ሲገረጣ በብረት ውሁድ ቢረጭ በጥቂት ቀናት ውስጥ ጥቁር አረንጓዴ ይሆናል ይባላል። አባባሉ በመሠረቱ እውነት ነው። ነገር ግን በወረታና በአካባቢዋ ባለው ጥቁር አፈር ላይ ይህ መድኃኒት የሚያስፈልገው መቼ ነው? የማያስፈልገውስ መቼ ነው?

1. ብረት ለቅጠል የሚሰጠው ጥቅም

የቅጠል አረንጓዴነት የሚገኘው ክሎሮፊል ከሚባለው ንጥረ ነገር ነው። ብዙ ሰው ብረት በክሎሮፊል ውስጥ ያለ ይመስለዋል። በክሎሮፊሉ እምብርት ላይ የሚቀመጠው ግን ማግኒዚየም ነው። የብረት ድርሻ ክሎሮፊሉ እንዲሠራ ማስቻል ነው፤ ብረት ሲጎድል ሥራው ይስተጓጎላል፣ ቅጠሉም ይገረጣል። ይህን ነገር በመጀመሪያ በሙከራ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ ዓመታት ኤውዜብ ግሪስ የተባለ ፈረንሳዊ ሲሆን፣ የገረጣ ቅጠልን በብረት ጨው ውሃ በማራስ አረንጓዴ ለማድረግ ችሏል።

የሚያስገርመው ብረት በምድር ላይ እጅግ የበዛ ማዕድን መሆኑ ነው። ከምድር ቅርፊት ክብደት ውስጥ 5 በመቶ ያህሉ ብረት ነው። ታዲያ ይህ ሁሉ ብረት እያለ ተክል እንዴት ይራባል? መልሱ ብረቱ ባለበት ሁኔታ ላይ ነው። አየር በሚገባው አፈር ውስጥ ብረት ዝገት ሆኖ ይቀመጣል፤ ዝገትም በውሃ አይሟሟም። የአፈሩ ፒ.ኤች. በአንድ ቁጥር ከፍ ባለ መጠን የሚሟሟው ብረት በ1,000 እጥፍ ገደማ ይቀንሳል። የዛገ ምስማር ከአትክልት ሥር መቅበር እምብዛም የማይጠቅመው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን ለመረዳት ከጤፍ የተሻለ ምሳሌ የለንም። ጤፍ ብረት የበዛበት እህል ነው እየተባለ ሲነገር ኖሯል። በጥናት እንደታየው ግን ከሚለካው ብረት ከፍተኛው ክፍል በአውድማ ላይ፣ በበሬ ሲበራይ፣ ከአፈር ተቀላቅሎ የሚመጣ ነው። እህሉ በደንብ ሲታጠብ የብረቱ መጠን በእጅጉ ይወርዳል። ስለዚህ መኖር ሌላ፣ ለመዋል ዝግጁ መሆን ሌላ ነው።

የሣር ወገን የሆኑ ተክሎች ይህን ችግር የሚቋቋሙበት የራሳቸው ዘዴ አላቸው። ታካጊ የተባሉ ጃፓናዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1976 እንዳሳዩት፣ ሥሮቻቸው ብረትን ከአፈር ቆንጥሮ የሚያወጣ ፈሳሽ ያመነጫሉ። በዚህ ረገድ ገብስ ብርቱ ነው፤ ሩዝ ግን ደካማ ነው። ሩዝ በደረቅ መሬት ላይ ሲዘራ በብረት እጦት ቶሎ የሚገረጣበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

2. የፎገራ አፈር ጠባይ

ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ፣ በርብና በጉማራ ወንዞች ግራና ቀኝ የተንጣለለው የፎገራ ሜዳ አብዛኛው አፈር ዋልካ ነው። በኢትዮጵያ ይህን መሰሉ አፈር 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ያህል እንደሚሸፍን ይገመታል። በበጋ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ያብጣል፣ ውሃም አያሳልፍም። ስመ ጥር የሆነው የፎገራ ከብት የኖረው ጎርፉ ሲሸሽ በሚቀረው ጨፌ ላይ ነው። በኋላም በ1970ዎቹ ዓመታት ገደማ ሩዝ የገባው ውሃው የሚተኛበት ይህ ሜዳ ስለተመቸው ሲሆን፣ ኤክስ ጅግና የሚባለው ዝርያ ስሙን ያገኘው በዚሁ ሜዳ ካለችው ከጅግና ነው።

የዚህ ዋልካ ፒ.ኤች. በአብዛኛው ከቀላል ኮምጣጣነት እስከ ገለልተኛ ድረስ ነው። ይህ ለጉዳያችን ዋና ነጥብ ነው። በእንዲህ ያለ አፈር ላይ ብረት በኖራማ አገሮች እንደሚሆነው ያህል አይታሰርም። ደስታ በየነ እ.ኤ.አ. በ1983 ስለ ኢትዮጵያ አፈር ጥቃቅን ንጥረ ነገሮች ባወጡት ጥናትም ብረትና ማንጋኒዝ በአብዛኛው በበቂ መጠን እንደሚገኙ አመልክተዋል። በመሆኑም በፎገራ ሣር ሲገረጣ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ብረት ሊሆን አይገባውም።

ታዲያ ማን ይጠርጠር? በቅድሚያ ውሃ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ዋልካ በውሃ ሲጠግብ ሥሩ አየር ያጣል፤ በአፈሩ ውስጥ ያለው ናይትሬትም ወደ ጋዝነት ተለውጦ ይባክናል። ሣሩ ውሃ መካከል ቆሞ በናይትሮጂን ይራባል ማለት ነው። እዚያው አፈር ውስጥ ግን ብረቱ ከዝገትነት ወደሚሟሟው ዓይነት ስለሚለወጥ ይበዛል እንጂ አያንስም። ይህን ለማየት ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ ውሃ ከተኛበት ማሳ አንድ የሩዝ ቡቃያ ነቅሎ ሥሩን ማጠብ ይበቃል። በሥሩ ላይ የሚታየው ቀይ ቡናማ ሽፋን፣ ሩዙ በሥሩ በኩል ባወጣው አየር የዛገ ብረት ነው። በእንዲህ ያለ ቦታ ላይ ብረት መጨመር በወንዝ ውስጥ ውሃ እንደማፍሰስ ይቆጠራል። ኮምጣጣ በሆነና ውሃ በተኛበት አፈር ላይማ ብረት እስከ መመረዝ ይደርሳል፤ የሩዙ አሮጌ ቅጠልም ከጫፉ ጀምሮ ቡናማ ነጠብጣብ እያወጣ ይደርቃል።

ይህ ማለት ግን በወረታ ግቢዎች የብረት እጦት ፈጽሞ አይኖርም ማለት አይደለም። ቤት ሲሠራ የሲሚንቶና የኖራ ፍርስራሽ በግድግዳው ዙሪያ ይቀበራል። ፍርስራሹ የአፈሩን ፒ.ኤች. ከፍ ስለሚያደርገው በግንቡ ሥር ያለው ሣር ብቻ ተለይቶ ሊገረጣ ይችላል። ቢካርቦኔት የበዛበትን የጉድጓድ ውሃ በበጋ ደጋግሞ ማጠጣትም ይህንኑ ያስከትላል። ፎስፈረስ ያለው ማዳበሪያ ያለ ልክ ሲጨመርም ብረት ለሥሩ ይርቃል።

3. ምልክቱን ስለመለየት

እንግዲህ ባለሙያው ዓይኑን በሁለት ነገሮች ላይ ማሳረፍ ይኖርበታል። ናይትሮጂን በተክሉ ውስጥ ከቦታ ወደ ቦታ ስለሚዘዋወር ሲጎድል በመጀመሪያ የሚገረጣው አሮጌው የታች ቅጠል ነው፤ ቅጠሉም ወጥ ሆኖ ይገረጣል። ብረት ግን ከተቀመጠበት እምብዛም አይነቃነቅም። ስለዚህ በብረት እጦት የሚገረጣው አዲሱ የላይ ቅጠል ሲሆን፣ ጅማቶቹ አረንጓዴ ሆነው ቀርተው በመካከላቸው ቢጫ መስመር ይታያል።

ዓይን ቢጠራጠር ቀላል ሙከራ አለ። በገረጣው ሣር ላይ ሦስት መደቦች፣ እያንዳንዳቸው አንድ ካሬ ሜትር ሆነው ይለኩ። በአንደኛው ላይ 10 ግራም ዩሪያ ተበትኖ ውሃ ይጠጣ። በሁለተኛው ላይ ግማሽ ግራም ያህል ፌረስ ሰልፌት በትንሽ ውሃ ተበጥብጦ ይረጭ። ሦስተኛው እንዳለ ይተው። በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ሁለተኛው መደብ በግልጽ ቢለይ ብረት ጎድሎ ነበር ማለት ነው። ከሳምንት በኋላ አንደኛው ቢለመልምና ቢያድግ የጎደለው ናይትሮጂን ነው። ሁለቱም ካልተለወጡ ጉዳዩ የሥር ወይም የውሃ ስለሆነ መቆፈሪያ ይዞ የውሃ መውረጃ ቦይ ማውጣት ነው። ለዋልካ እርሻ የተመከረው ሰፊ መደብና ቦይ የማውጣት ዘዴ ለግቢም ያገለግላል፤ ሣሩን ከመሬት ከፍ ባለ መደብ ላይ ብስባሽ ቀላቅሎ መትከል ከማናቸውም ርጭት ይበልጣል።

4. ስለ መጠኑና ስለ ጥንቃቄው

የብረት እጦት መሆኑ ከተረጋገጠ ለ100 ካሬ ሜትር ሣር 60 ግራም ያህል ፌረስ ሰልፌት ከ12 እስከ 20 ሊትር ውሃ ውስጥ ተበጥብጦ፣ ፀሐይ ሲበርድ በቅጠሉ ላይ ይረጫል። ከዚህ ውስጥ ንጹሑ ብረት 20 በመቶ፣ ማለትም 12 ግራም ብቻ ነው። መጠኑ ከበዛ ሣሩ ይጠቁራል። ርጭቱ የነካው ሲሚንቶና ንጣፍ የዝገት ቀለም ይይዛል፤ ስለዚህ ወዲያው መታጠብ አለበት። ልምላሜው የሚቆየው ለጥቂት ሳምንታት ነው፤ አዲስ የሚበቅለው ቅጠል እንደገና ይገረጣል።

ፌረስ ሰልፌቱ ፒ.ኤች. ከፍ ባለበት አፈር ላይ ቢበተን ወዲያው ስለሚዝግ ጥቅም አይሰጥም። ለዚህ ሲባል የተሠሩት ቺሌት የሚባሉት ውሁዶች ናቸው። ስማቸው የሸርጣን ጥፍር ከሚለው የግሪክ ቃል የመጣ ሲሆን፣ ብረቱን ጨብጠው እንዳይዝግ ይጠብቁታል። ዋጋቸው ግን ውድ ነው፤ ዓይነታቸውም ይለያያል። ኢ.ዲ.ቲ.ኤ. የሚባለው በኖራማ አፈር ላይ ብረቱን ይለቃል፤ ኢ.ዲ.ዲ.ኤች.ኤ. የሚባለው ግን ይጸናል።

በዚህ አጋጣሚ ሳልጠቅሰው የማላልፈው አንድ ነገር አለ። በጤና ጣቢያ ለነፍሰ ጡር እናቶች የሚታደለው የብረት ኪኒን በውስጡ ያለው ያው ብረት ስለሆነ ለአትክልት ቢሟሟ ምናለበት የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። ስሌቱ ይህ ነው። አንዱ ኪኒን 60 ሚሊግራም ብረት ይይዛል። ለ100 ካሬ ሜትር ሣር የሚያስፈልገው 12 ግራም 200 ኪኒን ማለት ነው። በቀን አንድ ኪኒን የምትወስድ እናት በስድስት ወር የምትጨርሰው ከዚህ ያነሰ ነው። ለሦስት ሳምንት የግቢ ጌጥ ሲባል የአንዲት እናትና የጽንሷን ደም የሚጠብቅ መድኃኒት መሬት ላይ ማፍሰስ በየትኛውም ሚዛን አይደገፍም። የብረት ጨው ሕፃናት እጅ ቢገባ ለሞት የሚያደርስ መርዝ መሆኑንም ለባለቤቱ መንገር ግዴታችን ነው።

5. መደምደሚያ

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፣ ብረት ቀለም ይሰጣል እንጂ ምግብ አይተካም። በናይትሮጂን የተራበን ሣር በብረት ማጥቆር የታመመን ሰው ፊት ቀለም እንደመቀባት ነው። በግቢ ሣር ላይ ይህ ስሕተት ቢፈጸም የሚጎዳ ሰው ላይኖር ይችላል። ቅጠልን በአንድ ጀምበር የሚያለመልም ብልቃጥ ይዞ ወደ ሩዝ አምራቹ ገበሬ የሚሄድ ነጋዴ ግን በየትኛውም ጊዜ ሊመጣ ይችላል። ያን ጊዜ ገበሬው የሚጠይቀው እኛን ነው። አረንጓዴነት ሁሉ ምርት አለመሆኑን፣ የቅጠሉ ቢጫነት ከላይ ወይስ ከታች እንደጀመረ መታየት እንዳለበት፣ ውሃውም መውረጃ ማግኘት እንዳለበት በቅን ልቡና ልንነግረው ይገባል። በወረታ የሚገኘው የፎገራ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልና የወረታ ግብርና ኮሌጅ በቅርብ መኖራቸው ለዚህ ሥራ ትልቅ አጋዥ ነው። ከእኛ የሚጠበቀው መድኃኒት ከማዘዛችን በፊት ጎንበስ ብለን ቅጠሉንና ሥሩን ማየት ነው።