ፀረ-የሚጥል በሽታ መድኃኒቶችና በማደግ ላይ ያለ አንጎል፦ ዕድሜ የሚያመጣው ልዩነት



የሚጥል በሽታ ያለበትን ልጅ ይዘው ወደ ጤና ተቋም የሚመጡ ወላጆች ዘወትር አንድ ጥያቄ ያነሣሉ፦ «መድኃኒቱ የልጄን አእምሮ ይጎዳው ይሆን?» ይህን ጥያቄ በአዎንታ ወይም በአሉታ ብቻ መመለስ አይቻልም። ምላሹ በመድኃኒቱ ዓይነትና በልጁ ዕድሜ ላይ የተመሠረተ ነው።

በአዋቂ ሰው አንጎል ውስጥ ጋባ የተባለው ኬሚካል የነርቭ ሴሎችን እንቅስቃሴ ይገታል። ፌኖባርቢታልና ዲያዜፓም የሚሠሩትም ይህንኑ ኬሚካል በማገዝ ነው። ባልበሰለ አንጎል ግን በሴሉ ውስጥ ያለው የክሎራይድ ክምችት ከፍተኛ ስለሆነ፣ ጋባ ሴሉን ከመግታት ይልቅ ሊቀሰቅሰው ይችላል። ክሎራይድን ከሴሉ የሚያስወጣው ፕሮቲን የሚበረታው አንጎል እየበሰለ ሲሄድ ነው። ፌኖባርቢታል የአራስ ሕፃናትን መንቀጥቀጥ ብዙ ጊዜ ማስቆም የሚሳነው በከፊል በዚህ ምክንያት እንደሆነ ይታሰባል።

እ.ኤ.አ. በ2002 በበርሊን የሚገኙ ተመራማሪዎች ፌኖባርቢታል፣ ፌኒቶይንና ቫልፕሮዌት አዲስ በተወለዱ አይጦች አንጎል ውስጥ የነርቭ ሴሎችን ሞት እንደሚያባብሱ አሳዩ። ጉዳቱ የጎላው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት፣ ማለትም አንጎል በፍጥነት በሚያድግበት ወቅት ነበር። በእርግጥ በአይጥ የታየው ሁሉ በሰው ላይ ይደገማል ማለት አይደለም፤ ሆኖም በልጆች ላይ የተደረጉ ጥናቶችም ጥንቃቄን የሚጠይቁ ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1990 በአሜሪካ በታተመ ጥናት፣ በትኩሳት ምክንያት ተንቀጥቅጠው ለነበሩ ከ8 እስከ 36 ወር ዕድሜ ላላቸው ሕፃናት ፌኖባርቢታል ተሰጠ። ከሁለት ዓመት በኋላ የአይ ኪው ውጤታቸው፣ መድኃኒትነት የሌለው ማስመሰያ ከተሰጣቸው ሕፃናት በአማካይ በ8.4 ነጥብ ዝቅ ብሎ ተገኘ። መንቀጥቀጡ ግን አልቀነሰም። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ እናቶቻቸው በእርግዝና ወቅት ቫልፕሮዌት ይወስዱ የነበሩ ልጆች በ6 ዓመታቸው አማካይ ውጤታቸው 97 ሲሆን፣ ላሞትሪጂን ይወስዱ የነበሩ እናቶች ልጆች ውጤት 108 መሆኑን አመለከተ።

ይህን የሰማ ወላጅ ደንግጦ የልጁን መድኃኒት በራሱ ውሳኔ እንዳያቋርጥ አደራ እላለሁ። መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ የማያባራ መንቀጥቀጥ ሊከተል ይችላል፤ እርሱም አንጎልን ይጎዳል፣ ሕይወትንም ይቀጥፋል። በአገራችን ፌኖባርቢታል ርካሽ ስለሆነ ሌላ መድኃኒት ማግኘት ለማይችል ሕመምተኛ ትልቅ ባለውለታ ነው። በሽታውን ያለ ሕክምና መተው መፍትሔ አይሆንም።

እንግዲህ ከሐኪሞቻችን ሦስት ነገር ይጠበቃል። አንደኛ፣ ለሕፃን መድኃኒት ማዘዝ የአዋቂውን መጠን በክብደት ማካፈል ብቻ እንዳልሆነ ማወቅና ልጁ ባደገ ቁጥር ሕክምናውን እንደገና መመርመር። ሁለተኛ፣ በትኩሳት ብቻ ለሚመጣ ቀላል መንቀጥቀጥ የዘወትር መድኃኒት አለማዘዝ። ሦስተኛ፣ ቫልፕሮዌት የምትወስድ ልጃገረድን መድኃኒት ስለ መለወጥ ከእርግዝና በፊት ማማከር፤ የፅንሱ አንጎል መሠረት የሚጣለው እናቲቱ ማርገዟን ሳታውቅ ሊሆን ይችላልና።