ሰዓቴ ለምን ቀደመ?

ወዳጄ ሆይ፣ ውድ የስዊስ ሰዓት በእጅህ አስረህ ደቂቃ ሸውዶህ ያውቃል? እኔን ሸውዶኛል። ታላቅ ወንድሜ ከጀርመን ያመጣልኝ ነው፤ ባትሪ የለውም፣ በሞላ ነው የሚሠራው። ለጽዳትና ለዘይት ሰዓት ሠሪ ዘንድ ወስጄው ነበር። ከዚያ ሁለት ወር ሳይሞላው በቀን ሃያ ደቂቃ ያህል መቅደም ጀመረ። አንድ እሑድ ስብከቴን በጊዜው ጨረስኩ ብዬ ከመድረክ ስወርድ ለካ ገና ሩብ ሰዓት ይቀረኛል። ጉባኤው ብዙም አልከፋውም፤ እሱን ልተወው።

ሰኞ ጠዋት በቀጥታ ወደ ሰዓት ሠሪው ሄድኩ። በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሰው ናቸው። ሦስት ደንበኞች ቆመው ነበር። በእነሱ ፊት፣ «የውስጡን ዕቃ ቀይረውብኛል» አልኳቸው። ሌባ አላልኩም፤ ግን ምን ቀረኝ?

እሳቸው አልተቆጡም። «ፓስተር፣ ሲሰብኩ ሰዓቱን የት ነው የሚያስቀምጡት?» አሉኝ። «ስፒከሩ ላይ» አልኩ። አጠገቤ ስለሆነ ለማየት ይመቸኛል። መሳቢያቸውን ከፍተው ትንሽ ኮምፓስ አወጡ። ሰዓቱን ሲያስጠጉት መርፌው ዞረ። ሰዓቴ ማግኔት ይዞታል!

ነገሩ እንዲህ ነው። በሰዓቱ ውስጥ ወዲያና ወዲህ የምትወዛወዝ መንኮራኩር አለች፤ የምትቆጣጠራት እንደ ፀጉር የቀጠነች ጥምዝ ሞላ ናት። በብዙዎቹ የዘመኑ ሰዓቶች በሰከንድ 8 ጊዜ ትመታለች። ማግኔት ሲይዛት ጥምዞቿ እርስ በርስ ይጣበቁና እንዳጠረች ሞላ ትሆናለች፤ ምቷም ይፈጥናል። ስፒከር ብቻ አይደለም፤ የቦርሳ ማግኔት፣ የስልክና የታብሌት ሽፋንም ያደርጋል። ማግኔቱን የሚያወጣ ትንሽ የኤሌክትሪክ መሣሪያ አለ። አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀባቸውም።

ደግሞ ልዩነት ሁሉ ብልሽት አይደለም። በቀን ውስጥ 86,400 ሰከንድ አለ። በስዊስ የክሮኖሜትር ፈተና እንኳ በአማካይ በቀን እስከ 4 ሰከንድ መዘግየትና እስከ 6 ሰከንድ መቅደም ይፈቀዳል። ያንተ 5 ሰከንድ ቢቀድም አመሉ ነው በለው። የሚዘገይ ከሆነ ምናልባት በደንብ አልተሞላም፤ በእጅ እንቅስቃሴ የሚሞላው ዓይነት ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ለሚውል ሰው አይጠግብም። ወይም ዘይቱ ደርቋል። ማታ በጀርባው አስተኝተኸው ወይም በጎኑ አቁመኸው ስታድርም አካሄዱ ይለያያል። አንድ ሳምንት ከስልክህ ሰዓት ጋር እያስተያየህ ጻፈው፤ ከዚያ ሂድ።

እኔ ግን አንድ ሳምንት አልታገሥኩም። ሰዓቱ ሲስተካከል ሦስቱ ደንበኞች ሄደው ነበር። የሰሙት የእኔን ክስ ብቻ ነው። ምናልባት «እዚያ ሱቅ ዕቃ ይቀይራሉ» ብለው ለሌላ አውርተው ይሆናል። ይህን በሬዲዮ የተናገርኩት፣ አሁንም በወረቀት ያወጣሁት ለዚህ ነው። ከሦስቱ አንዱ አንተ ከሆንክ፣ ሰውየው ንጹሕ ናቸው፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ላወራህላቸውም ይህን ንገርልኝ።

ይቅርታ ስጠይቃቸው ሰዓቱን ራሳቸው እጄ ላይ አሰሩልኝና፣ «ከስፒከሩ ያርቁት» አሉኝ።