መደብ የሚለው ቃል



ቋንቋን የሚያስተምር ሰው ቃሉን ከነገሩ ለይቶ ማስተማር አይገባውም። ለዚህም ምስክር ከሚሆኑት ቃሎች አንዱ መደብ ነው።

መደብ በገጠር ቤት ውስጥ ከግድግዳው ጋራ ተያይዞ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ የሚሠራ መቀመጫና መኝታ ነው። ድንጋይ ይደረደርለታል፤ ጭድ በገባበት ጭቃ ይመረጋል፤ ሲደርቅም በእበት ይለቀለቃል። ቀን ቁርበት ተነጥፎ እንግዳ ይቀመጥበታል፤ ሌሊት ቤተ ሰብ ይተኛበታል። አትክልተኛም አፈሩን ከፍ አድርጎ የጎመንና የሽንኩርት ዘር የሚያፈላበትን ስፍራ መደብ ይለዋል። በገበያም ነጋዴ ዘወትር ዕቃውን የሚዘረጋበት ቦታ መደቡ ነው።

ደግሞም ሹም ሠራተኛን በየሥራው ይመድባል፤ ገንዘብ ለየጉዳዩ ይመደባል፤ ተማሮች በየምድባቸው ይሰለፋሉ፤ የቀኑ ትምህርት ከማታው ተለይቶ መደበኛ ይባላል። ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በኋላም «የመደብ ትግል» የሚለው አነጋገር በጋዜጣና በራዲዮ ስለ ተዘወተረ፣ መደብ የኅብረተ ሰብ ክፍል ስም ሆኖ በሰፊው ታወቀ። አሳቡ ግን በሁሉም ዘንድ ይቀራረባል፤ ይኸውም ለእያንዳንዱ ተለይቶ የታወቀ ስፍራ መኖሩ ነው።

ጉዳቱ የሚመጣው በክፍል ውስጥ ነው። መምህሩ «መደብ ምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ከገጠር የመጣው ልጅ «እንግዳ የሚቀመጥበት ነዋ» ብሎ ይመልሳል። የከተማ ልጆች ይሥቃሉ፤ መምህሩም የመጽሐፉን ፍች ብቻ ፈልጎ «ተቀመጥ» ይለዋል። ያ ልጅ ከዚያ ቀን ጀምሮ እጁን ለማንሣት ያፍራል፤ የእናቱንም ቤት ቋንቋ ለትምህርት ቤት እንደማይበቃ ይቈጥረዋል። ነገር ግን መደብን በዐይኑ አይቶ፣ ጭቃውንም በእጁ ለስኖ የሚያውቀው እርሱ ነበር።

ስለዚህ መምህር ከልጁ መልስ ይጀምር። ልጁ መደቡን በሰሌዳ ላይ ሥሎ አሠራሩን ለጓደኞቹ ያስረዳ፤ ከዚያ በኋላ ትምህርቱ ወደ ምድብና ወደ መደበኛ ይሻገር። እንዲህ ሲሆን የከተማው ልጅ ያላየውን ያውቃል፤ የገጠሩም ልጅ የሚያውቀውን ያሰፋል። እርከን የሚለውም ቃል እንዲሁ ነው። የኮንሶ ገበሬ አፈሩ በጎርፍ እንዳይወሰድበት በድንጋይ ካብ የሠራውን፣ በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበውን እርከን በሥዕል እንኳ ላላየ ተማሪ፣ «የትምህርት እርከን» ማለት ባዶ ድምፅ ይሆንበታል።

ዕጩ መምህራን በዕረፍት ጊዜያቸው ከየመንደራቸው ሃያ ሃያ ቃሎችን ከነሥዕላቸው ሰብስበው እንዲመጡ ቢደረግ፣ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ የማስተማሪያ መሣሪያ ይገኛል። ሽማግሎችና ባልቴቶችም ሲጠየቁ ደስ ብሏቸው ያስረዳሉ።