የእርጉዞች ደም ማነስ፥ የአንጀት ትልና የመሐንዲሱ ድርሻ



በስዊስ አገር የጎታርድ የባቡር ዋሻ በሚቆፈርበት ዘመን ብዙ ሠራተኞች ፊታቸው እየገረጣ፥ ጉልበታቸው እየዛለ ከሥራ ይወድቁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1880 ጣሊያናዊው ተመራማሪ ኤዶአርዶ ፔሮንቺቶ ሕመሙ ሁክዎርም ከሚባለው የአንጀት ትል ጋር የተያያዘ መሆኑን ገለጠ። ዋሻው ሞቃትና እርጥብ ነበር፤ በቂ መጸዳጃ ግን አልነበረውም።

ይኸው ትል እጅግ ከሚጎዳቸው ሰዎች መካከል እርጉዝ ሴት አንዷ ናት። ምክንያቱም በሒሳብ ይታያል። ለፅንሱ፥ ለእንግዴ ልጁና ለራሷ ደም መጨመር በእርግዝናዋ ዘመን በጠቅላላው 1,000 ሚሊግራም ያህል የብረት ማዕድን ያስፈልጋታል። ኔካቶር የተባለው የሁክዎርም ዓይነት አንዱ በቀን 0.03 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ያጠፋል። ትሎቹ 100 ቢሆኑ በቀን 3፥ በ280 ቀን ደግሞ 840 ሚሊ ሊትር ይሆናል። በአንድ ሚሊ ሊትር ጤናማ ደም ውስጥ ግማሽ ሚሊግራም ያህል ብረት ስላለ፥ የሚፈሰው ብረት ከ400 ሚሊግራም ይበልጣል። ከፊሉ በአንጀት ተመልሶ ቢመጠጥም ኪሳራው ቀላል አይደለም። እንዲህ የተጎዳች እናት በወሊድ ጊዜ ደም ቢፈሳት ሕይወቷ ለአደጋ ይጋለጣል።

መድኃኒቱ ርካሽ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ፥ ትሉና የደም ማነሱ በተስፋፉበት አካባቢ እርጉዞች የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ካለፉ በኋላ 400 ሚሊግራም አልቤንዳዞል ወይም 500 ሚሊግራም ሜቤንዳዞል በአንድ ጊዜ እንዲሰጣቸው መክሯል። ሆኖም መድኃኒቱ ትሉን ያስወግዳል እንጂ የጠፋውን ብረት አይተካም፤ ስለዚህ የብረትና የፎሊክ አሲድ ክኒን ሊቀር አይገባም። ትሉን ትቶ ብረት ብቻ መስጠትም በቀዳዳ እንስራ ውኃ መቅዳት ነው።

ከሁለቱም በኋላ አፈሩ ይቀራል። ከሰው ዓይነ ምድር ጋር የወጣው እንቁላል በሞቃትና በእርጥብ መሬት ላይ ይፈለፈላል፤ እጩም ባዶ እግርን በስቶ ይገባል። በአገራችንም እንደ ጅማ ባሉ ሙቀትና ዝናብ ባልተለያቸው አካባቢዎች ትሉ የታወቀ ነው። የዳነችው እናት ወደዚያው መሬት ስትመለስ እንደገና ልትያዝ ትችላለች።

የመሐንዲሱ ድርሻ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። የመንገድ ወይም የመስኖ ሥራ ሲታቀድ ለሠራተኛው መጸዳጃ ይቆጠራል። በሰፈሩ ዙሪያ እንጀራና ሻይ የምትሸጠው ሴት ግን በደመወዝ መዝገብ ላይ ስለሌለች አትቆጠርም። እርሷም በዚያው አፈር ላይ ትረግጣለች፤ ምናልባትም እርጉዝ ናት። ገንዘብ ሲያጥር ከዝርዝሩ በቅድሚያ የሚሰረዘው መጸዳጃ ከሆነ፥ የተረፈው ገንዘብ በእናቶች ደም የሚከፈል መሆኑን ፕላኑን የሚፈርም ሁሉ ሊያስብ ይገባዋል።