የሞተር እስትንፋስ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን የተደረገ ንግግር)



ከጅማ ወደ ቦንጋ የሚመጣ የጭነት መኪና ወደ ጎጀብ ወንዝ ቍልቍል ይወርዳል፤ ተሻግሮም ዳገቱን ይወጣል። ዳገቱ ሞተሩን፥ ቍልቍለቱ ፍሬኑን ይፈትናል። ዛሬ ሁለቱን ስለሚጠብቁ ሁለት ተራ ቱቦዎች እንነግራችኋለን።

ናፍጣ ሲቃጠል ጥቂት ጋዝ በፒስተኑ ቀለበቶች በኩል ሾልኮ ወደ ሞተሩ ሆድ፥ ዘይቱ ወዳለበት ይገባል። ቱርቦ ባለው ሞተር ግፊቱ ብርቱ ስለሆነ ጋዙም ይበዛል። መውጫው የመተንፈሻ ቱቦው ነው። ይህ ቱቦ ወደ አየር መሳቢያው የሚመለስ ከሆነ፥ መገጠም ያለበት ከአየር ማጣሪያው በኋላ፥ ከቱርቦው በፊት ነው፤ ከቱርቦው በኋላ ቢገጠም የታመቀው አየር ወደ ሞተሩ ሆድ ይመለሳል። «ዘይት ያንጠባጥባል» ብሎ ቱቦውን የሚደፍን ሰውም ይሳሳታል። የታፈነው ጋዝ ዘይቱን በየማገጃው ገፍቶ ያወጣዋል፤ ዘይቱ በቱርቦው አልፎ ሲሊንደር ከገባ ደግሞ፥ ናፍጣው ቢዘጋም ሞተሩ በዘይቱ እየነደደ አልጠፋም ሊል ይችላል።

ሁለተኛው ፍሬኑን የሚያግዘው የቫኪውም ቱቦ ነው። የናፍጣ ሞተር በቂ ቫኪውም በራሱ ስለማያበጅ፥ በብዙ ቀላል የጭነት መኪናዎች ላይ ትንሽ ፓምፕ አየሩን ይመጥለታል። ቱቦው ከጋለ ብረት ርቆ፥ ሳይታጠፍና ሳይፋተግ መታሰር አለበት። ቢሰነጠቅ የፍሬኑ ፔዳል ይጠጥራል።

ስለዚህ ወላጆቻችን፥ ቡና ጭናችሁ ከመነሣታችሁ በፊት ኮፈኑን ከፍታችሁ ሁለቱንም በእጃችሁ ዳስሱ። በደኅና ግቡልን።