ቶኖ፤ ተረት ያልጠፋባት የጃፓን ገጠር
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ ተማሪ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ስለ አንድ የጃፓን ገጠር እንድናገር ተራው ደርሶኛል። አስቀድሜ አንድ ነገር ልናዘዝ፤ ቶኖን በዓይኔ አላየሁም፤ የማውቃት ከመጻሕፍትና ከካርታ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ጃፓን በተነሣች ቁጥር ስለ ቶኪዮ፥ ስለ ፋብሪካውና ስለ ፈጣኑ ባቡር ብቻ ስንሰማ ስለ ኖርን፥ ዛሬ ከዚያው ባቡር ወርደን ወደ ተራራው ብንዘልቅ ይሻላል ብዬ አሰብሁ።

ከቶኪዮ ወደ ሰሜን የሚገሠግሠውን ባቡር ይዞ በሺን ሃናማኪ ጣቢያ የወረደ መንገደኛ፥ ከዚያ ወደ ምሥራቅ የሚያዘግመውን የካማይሺ መሥመር ባቡር ተሳፍሮ ቶኖ ይደርሳል። ቶኖ በኢዋቴ ግዛት ውስጥ ያለች፥ ዙሪያዋን በተራሮች የታጠረች ሜዳ ናት። በበረዶው ወራት ብርዱ ብርቱ ነው። ሕዝቡ ከጥንት ጀምሮ በእርሻና በፈረስ እርባታ የታወቀ ነው። የዱሮ ቤቶቻቸው እንደ ክርን የታጠፉ ናቸው፤ በአንደኛው ክንፍ ሰው ይኖራል፥ በሁለተኛው ክንፍ ፈረስ ያድራል፤ የምድጃው ሙቀትም ለሁለቱ ይዳረሳል። እንዲህ ያለው ቤት ማጋሪያ ይባላል፤ ትርጉሙም የታጠፈ ቤት ማለት ነው። መጋሪያ ከሚለው ቃላችን ጋር መመሳሰሉ በአጋጣሚ ነው እንጂ ዝምድና የለውም፤ ቢሆንም ሰውና ፈረስ አንድ ጣራ ስለሚጋሩበት ስሙ በእኛም ቋንቋ ይስማማዋል።

ቶኖን ስመ ጥር ያደረጋት አንድ ትንሽ መጽሐፍ ነው። ሳሳኪ ኪዜን የሚባል የዚያ አገር ልጅ ለትምህርት ቶኪዮ በሄደ ጊዜ፥ በልጅነቱ የሰማውን ተረት ያናጊታ ኩኒዮ ለተባለ የመንግሥት ሹምና ሊቅ ያወራለት ነበር። ያናጊታም የሰማውን ጻፈ፤ እ.ኤ.አ. በ1909 ራሱ ወደ ቶኖ ሄዶ አገሩን አየ፤ በ1910 የቶኖ ተረቶች የተባለውን መጽሐፍ አሳተመ። በውስጡ 119 አጫጭር ታሪኮች አሉበት፤ መጀመሪያ የታተመው 350 ቅጂ ብቻ ነበር። ዛሬ የጃፓን የባህል ጥናት ከዚህ መጽሐፍ እንደ ተነሣ ይነገራል። ያናጊታ ተረቱን ሁሉ ከሳሳኪ እንደ ሰማ በመቅድሙ ገልጧል፤ በሽፋኑ ላይ ያለው ስም ግን የጸሐፊው ነው። ሳሳኪ በኋላ የቀበሌው ሹም እስከ መሆን ደርሶ ነበር፤ ኋላም አገሩን ለቆ ወጣና በ1933 በሴንዳይ ከተማ ሞተ። ይህን ሳነብ ባለ ተረቱን አለመጠየቅ እንዴት ቀላል እንደ ሆነ ታየኝ።

ከቶኖ ዙሪያ ካሉት ተራሮች ሦስቱ ሃያቺኔ፥ ሮኮሺና ኢሺጋሚ ናቸው። በጥንት ዘመን አንዲት እናት አምላክ ሦስት ሴቶች ልጆችዋን ይዛ መጣች፤ በመንገድ ባደሩበት ቦታም «በዚህች ሌሊት መልካም ሕልም ላየችው መልካሙን ተራራ እሰጣታለሁ» አለች። እኩለ ሌሊት ሲሆን አንዲት አበባ ከሰማይ ወርዳ በታላቂቱ ደረት ላይ አረፈች። ታናሺቱ ግን ነቅታ አየችና አበባዪቱን በቀስታ አንሥታ በራስዋ ደረት ላይ አኖረች። በዚህም ከሁሉ ውብ የሆነውን ሃያቺኔን ወሰደች። ያየነው ግልጽ ሌብነት ነው፤ ተረቱ ግን አይቀጣትም! የቶኖ ሴቶችም የእኅትማማቾቹን ቅናት በመፍራት ወደ እነዚያ ተራሮች አይወጡም ነበር ይባላል።

አሁን ወደ ካፓ ልምጣ። ካፓ በወንዝ ውስጥ የሚኖር፥ ቁመቱ የልጅ የሚያህል ፍጡር ነው፤ በአናቱ ላይ ውኃ የያዘ ጎድጓዳ አለው፤ ውኃው ከፈሰሰ ኃይሉ ይጠፋል። በሌላው አገር አረንጓዴ ነው ሲሉ የቶኖው ግን ፊቱ ቀይ ነው። አንድ ጊዜ ካፓ ውኃ ዳር የቆመውን ፈረስ ጎትቶ ሊያሰጥም ሲል፥ ፈረሱ በረታና ራሱን ካፓን እየጎተተ እስከ ጋጣው ድረስ ወሰደው። የመንደሩ ሰዎች ከግርግሙ ሥር ተደብቆ አገኙት። እንግደለው ወይስ እንማረው ብለው ከተመካከሩ በኋላ፥ ዳግመኛ የመንደሩን ፈረስ እንዳይነካ ቃል አስገብተው ለቀቁት። ፍርዳቸው ደስ ይላል።

ዛሬ ከጆኬንጂ ቤተ መቅደስ በስተኋላ፥ በዛፍ ጥላ ሥር የሚፈስሰው ትንሽ ወንዝ የካፓ ባሕር ተብሎ ይጎበኛል። ቤተ መቅደሱ በተቃጠለ ጊዜ ካፓ በአናቱ ውኃ እሳቱን አጠፋ ስለሚባል፥ በዚያ ከቆሙት የድንጋይ ዘበኛ ውሾች መካከል አናቱ እንደ ሳህን የጎደጎደ አለ። ከሁሉ ያሳቀኝ ግን የቱሪስት ማኅበሩ ካፓ የማጥመጃ ፈቃድ ለጎብኚ መሸጡ ነው! ደንቡም አለው፤ ካፓው ሳይቆስል በሕይወት መያዝ አለበት፤ የአናቱ ውኃ መፍሰስ የለበትም፤ ማጥመጃው ትኩስ አትክልት መሆን አለበት። ሰዉ በዘንግ ጫፍ ኪያር አንጠልጥሎ ወንዝ ዳር ይቀመጣል። እስካሁን የያዘ የለም።

ነገር ግን ቶኖ የሳቅ አገር ብቻ አይደለችም። ከከተማው ዳር ባለው ጫካ ውስጥ፥ ሽበት በመሰለ የድንጋይ ሽበት በተሸፈኑ ቋጥኞች ላይ የቡድሃ ደቀ መዛሙርት ፊት ተቀርጾ ይታያል። በ1755 በደረሰው ረኃብ ብዙ ሕዝብ አለቀ። ጊዛን የሚባል የዳይጂጂ ቤተ መቅደስ መነኵሴ ለሙታኑ መታሰቢያ እንዲሆን በ1765 መቅረጽ ጀመረ። አምስት መቶ ይባላሉ እንጂ ዛሬ ሁሉም አይለዩም፤ ዝናቡና የድንጋይ ሽበቱ ብዙውን ፊት ወስዶታል።

የረኃቡን ክብደት ይበልጥ የሚናገረው ደንደራ የሚባለው ሜዳ ነው። በጥንት ዘመን ዕድሜያቸው ከስድሳ ያለፈ ሽማግሎችና አሮጊቶች ሁሉ ወደዚህ ሜዳ ይሰደዱ ነበር ይባላል። (በአዳራሹ ያላችሁ አባቶችና እናቶች አትደንግጡ!) ሞትም ቶሎ ስለማይመጣ፥ ጧት ወደ መንደር ወርደው በእርሻ ላይ ሠርተው ለጉርሻቸው ያህል ያገኙና ማታ ወደዚያው ይመለሱ ነበር። ለእኔ የከበደኝ ይህ መመለሳቸው ነው። ልጆቻቸው በየማታው ሲመለሱ ያዩአቸው ነበር ማለት ነው።

በመጨረሻ የሳሙቶን አሮጊት ላንሣ። አንዲት ልጃገረድ ከዛፍ ሥር ጫማዋን ትታ ደብዛዋ ጠፋ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ፥ ዘመዶችዋ በቤት ተሰብስበው ሳሉ፥ እጅግ አርጅታ መጣች። ለምን መጣሽ ቢሏት፥ ሰዎቹን ማየት ስለ ናፈቀኝ ነው፥ አሁንም እሄዳለሁ ብላ እንደ ገና ጠፋች። ያ ቀን ብርቱ ነፋስ የሚነፍስበት ስለ ነበረ፥ የቶኖ ሰዎች ነፋስ በበረታ ቁጥር ዛሬ የሳሙቶ አሮጊት የምትመለስበት ቀን ነው ይሉ ነበር።

ይህን ባነበብሁበት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። አያቴ፥ ነፍስዋን ይማርና፥ እንስራዋን ወንዝ ዳር አስቀምጣ ስለ ጠፋች አንዲት ልጅ ትነግረን ነበር። እኔ ግን የከተማ ተማሪ ሆኛለሁና ተረትዋን እያቋረጥሁ እስቅባት ነበር። እንስራው ሳይሰበር መገኘቱን አስታውሳለሁ፤ እናትዪቱ በየማታው ኩራዝ ይዛ ወደ ወንዝ መውረድዋንም አስታውሳለሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን ግን አላውቅም። እናቴን ጠየቅሁ፤ እርስዋም ረስታዋለች።

ከወላጆች መካከል ልጅቷ መመለስዋን ወይም አለመመለስዋን የሚያውቅ ቢኖር፥ ከስብሰባው በኋላ በቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ደብተሬን ይዤ እጠብቃለሁ።