በር ሲዘጋባቸው በር የከፈቱ
(በላንጋኖ፣ በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በመጨረሻ ዓመት ተማሪ የተደረገ ንግግር)



የላንጋኖን ሐይቅ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ እንግዳ፣ ውሃው ቡናማ ስለሆነ ቆሻሻ ይመስለዋል። እኛ ግን እየዋኘንበት ያደግን ስለሆንን ቀለሙ የተፈጥሮ መሆኑን እናውቃለን። የአገርም ታሪክ እንደዚሁ ነው፤ የሚያውቀው ሰው ካልተናገረው አላፊ አግዳሚው እንደመሰለው ይናገረዋል። ይህን ስለተረዱ አንድ ኢትዮጵያዊ የፊልም አዘጋጅ ጥቂት እንድናገር ፍቀዱልኝ፤ ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ በ1946 በጎንደር ተወለዱ። አባታቸው የቴአትር ደራሲ ነበሩ። እርሳቸውም በ1967 ቴአትር ሊማሩ ወደ አሜሪካ ሄዱ፤ በኋላም በሎስ አንጀለስ የፊልም ሥራ ተማሩ። በ1974፣ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት በሚናወጥበት ወራት፣ ወደ አገራቸው መጥተው የጭሰኛውንና የባለርስቱን ኑሮ የሚያሳየውን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» በጥቁርና ነጭ ፊልም አነሡ። ከ1975 ጀምሮም በሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት አስተማሩ።

በ1993 ስለ ጥቁሮች የባርነት ዘመን የሚናገረው «ሳንኮፋ» በበርሊን የፊልም በዓል ለውድድር ቀረበ። ሆኖም በአሜሪካ የሚያከፋፍልላቸው ኩባንያ አላገኙም። ታዲያ ተስፋ አልቆረጡም፤ ሲኒማ ቤት ተከራይተው ራሳቸው አሳዩት። በየከተማው ያለው ጥቁር ሕዝብም ተባብሮ ደገፋቸው፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይህ ነው። ከባለቤታቸውም ጋር በዋሽንግተን በዚሁ በሳንኮፋ ስም የመጻሕፍትና የፊልም መደብር ከፈቱ። ከብዙ ድካም በኋላ «ጤዛ» የተባለው ፊልማቸው በ2008 በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማት፣ በ2009 ደግሞ በዋጋዱጉ የአፍሪካ ፊልም በዓል ታላቁን ሽልማት ተቀበለ።

ከፊታችሁ የተቀመጡት አባቴ ሐኪም እንድሆን ይመኛሉ። «ፊልም እንጀራ አይሆንም» ያሉኝም ስለሚያስቡልኝ ነው። ነገሩ እውነትነት አለው፤ ፕሮፌሰር ኃይሌም ፊልም የሠሩት እያስተማሩ ነው። ስለዚህ አባባ፣ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት የምለምንዎ ይህን ነው፦ መምህርነት ልማር፤ በደመወዜም እንጀራዬን ልብላ፤ በትርፍ ጊዜዬ ግን የሐይቃችንን ሰዎች ታሪክ በፊልም ላንሣ። በወንጌል የተነገረለት ያ አገልጋይ መክሊቱን የቀበረው ስለ ፈራ ነበር። እኔም እፈራለሁ፤ ነገር ግን መቅበሩ ይበልጥ ያስፈራኛል።